ዓሣው ያልበላው ሊጥ

ፈንታነሽ እንጉዳይን በደለቻት። በዱላ አይደለም፣ በአፏ ነው። ያውም በሥላሴ ማኅበር፣ ያውም ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ሰዓት፣ ያውም መምሬ ጥበቡ ባሉበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐምሌ ሥላሴ የፈንታነሽ ተራ ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። መምሬ ጥበቡ ጽዋውን አንስተው «የነሐሴ ተረኛ እንጉዳይ ናት» ሲሉ፣ ፈንታነሽ እንስራዋን አዘንብላ እንደያዘች፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ «እንግዲያው ለነሐሴ ቤታችሁ በልታችሁ ኑ» አለች። ማኅበርተኛው ሳቀ። የመምሬ ጢም ሳይቀር ነቅነቅ አለ፤ እሳቸው ሳል ነው ብለው አመካኙ።

እንጉዳይ ለማንም ሰው መልስ አጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ገበያ ላይ የሰደባት ሰው ዘንቢሉን ረስቶ ይሄዳል ይባላል። ያን ቀን ግን ጽዋው እጇ ላይ ነበር፤ ጽዋ ተይዞ ደግሞ አይሰደብም። ጽዋውን ስማ ተራዋን ተቀበለችና ዝም ብላ ቤቷ ገባች። መልሱ ግን አልገባም፤ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ታዲያ እንጉዳይ ምን አማራት? አንድ ዓሣ። አንድ ብቻ፤ ለማኅበሩ የሚበቃ፣ ወፈር ያለ ነጭ ዓሣ። የነሐሴ ሥላሴ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሥጋ አይታሰብም። ሽሮ ብታቀርብ ፈንታነሽ «አላልኳችሁም?» ልትል ነው። ዓሣን በጾም የሚከለክሉ አባቶች አሉ፤ መምሬ ጥበቡ ግን ከእነሱ ወገን አይደሉም፣ በተለይ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ።

ነሐሴ ደግሞ ነጭ ዓሣ ከጣና ወጥቶ የጉማራን ወንዝ ሽቅብ የሚሄድበት ወር ነው። ጠጠር ያለበት ድረስ ወጥቶ እንቁላሉን ሊጥል ነው የሚሄደው። ስለዚህ በዚያ መንደር በነሐሴ መረብ የሚጥል የለም፤ መረብ ሁሉ እስከ መስቀል ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ይከርማል። በመንጠቆ አንድ ዓሣ ለሚያወጣ ሰው ግን ማንም ክፉ አይናገርም።

የሟች ባሏ ዘንግ ጣሪያው ሥር ተሰክቶ ነበር። ዘንጉ ደህና ነው፤ መንጠቆውን ዝገት፣ ክሩን አይጥ በልቶታል። እንጉዳይ መርፌ በእሳት አግላ ቆለመመች፤ የልብስ ክር አሰረችበት፤ ከቡሃቃዋ የኮመጠጠ ሊጥ ቆንጥራ በቅል ያዘች፤ ወደ ወንዙ ወረደች።

ጉማራ ሞልቷል፤ አተላ መስሏል። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር፣ ውኃው በሚፈላበት፣ ነጫጮቹ ዓሦች እየዘለሉ ሽቅብ ይሄዳሉ። እንጉዳይ ሊጡን መርፌው ላይ ድቡልቡል አድርጋ ወረወረች። መርፌው ባዶውን ተመለሰ። እንደገና ወረወረች። እንደገና ባዶውን ተመለሰ።

«ሊጥ አልበላም» አለ ዓሣው።

ዓሣ ይናገራል ወይ የሚል ካለ፣ በነሐሴ ጉማራ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይሞክረው።

«ሊጥ አልበላም። መንገደኛ ነኝ፣ ሆዴም አላስቸገረኝ። ውኃው ደፍርሶ ዓይኔ አያይ፤ ያንቺ ሊጥ አፌ ጋ ሳይደርስ ይሟሟል። ቀይ ትል ካመጣሽ እንነጋገራለን።»

ዓሣው ሊጥ አይበላም፤ ዓሣው ካልበላ ድስቱ ባዶ ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ ፈንታነሽ እውነቷን ነው።

«እሷማ እውነቷን አትሆንም» አለች እንጉዳይ፤ የተረፈውን ሊጥ በቅሉ ከድና ብብቷ ሥር አደረገችና ተነሳች።

ቀይ ትል የት ይገኛል? ፍግ ውስጥ። ፍግ የት አለ? ከአያ ደባሱ በረት አጠገብ። አያ ደባሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ቁልቁለት አልወርድም ስላለ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያጠምዳሉ።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ደባሱ?»

«እግዜር ይመስገን። ደግሞ ዘንግ ይዘሻል? ሴቶቹ ዘንግ ከያዙ ወንዶቹ ምን ሊይዙ ነው?»

«የእኔውማ አፈር ይዟል» አለች እንጉዳይ። «ቀይ ትል ፈልጌ ነው የመጣሁት። ዓሣው ሊጥ አልበላም አለኝ።»

አያ ደባሱ ለሟቹ ነፍስ ይማር ብለው፣ ቀጥሎ ሳቁ። «ዓሣው ልክ ነው። ሊጥ ውኃ ሲጠራ ነው፤ ያን ጊዜ በዓይኑ ይመርጣል። ሲደፈርስ በአፍንጫው ነው የሚሄደው። ቆፍሪና ውሰጂ። ከላይ ያለውን ነጣ ያለውን ተይው፤ ከታች እንፋሎቱ ጋ ያለው ቀዩ ነው ደህናው።»

ቆፈረች። ደህናውን አወጣች። እዚያው መርፌው ላይ ልትሰካው ስትል ትሉ ተጣጥፎ ሾለከ።

«መርፌ ላይ አልሰካም» አለ ትሉ። «መርፌ ልብስ ይውጋ። ይህ ምኑ ይዞኝ ነው የምቆየው? ወራጁ አንዴ ሲመታኝ ሾልኬ ወደ ጣና ነው የምሄደው። ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ ያለው፣ የደንቡ መንጠቆ አምጪ።»

ትሉ መርፌ ላይ አይሰካም፤ ትሉ ካልተሰካ ዓሣው አይበላም፤ ዓሣው ካልበላ ድስቱ ባዶ ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ ፈንታነሽ እውነቷን ነው።

«ይህ ትል አፉ ከእኔ ይብሳል» አለች እንጉዳይ።

«አፍ ያለው ትል ነው ዓሣ የሚይዝ» አሉ አያ ደባሱ። «በይ ወደ ጎባው ሂጂ።»

ትሉን ከነአፈሩ በቅጠል ጠቀለለች። ሊጡን በብብቷ፣ ትሉን በእጇ፣ ዘንጉን በትከሻዋ ይዛ ወደ ጎባው ሄደች። ጎባው የመንደሩ ብረት ሠሪ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው።

«ምን ልሥራልሽ? ማጭድ?» አላት ወናፉን ሳይለቅ።

«መንጠቆ።»

«ምን ያህል?»

«የዓሣ አፍ ያህል።»

«አፍ እኮ ይለያያል፣ እንጉዳይ።»

«እንግዲያው የፈንታነሽን ያህል ብቻ አይሁን። በሬ አይደለም የማወጣው።»

ጎባው በማኅበሩ አልነበረም፤ ወሬው ግን ከማኅበርተኛው ቀድሞ ደርሶታል። ሳቁን ዋጥ አደረገና ከተሰባበረ ጃንጥላ ላይ አንድ ሽቦ መዘዘ። ቆረጠ፣ አጋለ፣ ቆለመመ። ጫፉን በመሮ ነካ አድርጎ እሾኋን ወደ ኋላ አስነሳ። ሞረደ። ኋላ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ «ውኃ ውስጥ ብነክረው ብረቱ ድርቅ ይልና ዓሣው ሲወራጭ ይሰበራል» አለ። ቀዝቅዞ ሲሰጣት አውራ ጣቷን ሞከረችበት፤ ያዛት፣ አልለቅም አላት።

«ምን ልስጥህ?»

«ከወጡ አትርሺኝ።»

መንጠቆውን በልብስ ክሩ ልታስረው ጀመረች። መንጠቆው ግን ተሽከረከረ።

«በልብስ ክር አልንጠለጠልም» አለ መንጠቆው። «ቁልፍ መሰልኩሽ? ዓሣው አንዴ ጭራውን ሲመታ ክርሽ ይበጠሳል፤ እኔ ወንዝ ለወንዝ ስዝግ ልኖር ነው። የጭራ ፀጉር ክር አምጪ፣ በደንብ የተገመደ፣ ሲስቡት ለቀቅ የሚል።»

የናይሎን ክር የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ሱቁ ግን ከጉማራ ማዶ ነው። ጉማራን ለመሻገር ደግሞ ዓሣ መሆን ያስፈልጋል።

መንጠቆው በልብስ ክር አይንጠለጠልም፤ መንጠቆው ካልተንጠለጠለ ትሉ አይሰካም፤ ትሉ ካልተሰካ ዓሣው አይበላም፤ ዓሣው ካልበላ ድስቱ ባዶ ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ ፈንታነሽ እውነቷን ነው።

ረጅም ጭራ ያለው ማን ነው? የመምሬ ጥበቡ በቅሎ። እንጉዳይ ስትደርስ መምሬ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር።

«መምሬ፣ ከበቅሎዎ ጭራ ጥቂት ፀጉር ይፍቀዱልኝ።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ወጥ።»

መምሬ ግራ ተጋቡ። እንጉዳይ ከዓሣው ጀምራ እስከ መንጠቆው ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እኔ ፈቅጃለሁ። እሷን ግን ራስሽ ጠይቂያት» አሉ።

እንጉዳይ ወደ በቅሎዋ ተጠጋች፤ በጎን በኩል፣ ቀስ ብላ፣ «እሰይ፣ እሰይ» እያለች። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛች። እንጉዳይ እጇን ዘረጋች። በቅሎዋ እግሯን ዘረጋች። የመታችው አጠገቧ ያለውን ጉቶ ነበር፣ ሥላሴ ይመስገኑ።

«ጭራዬን አልሰጥም» አለች በቅሎዋ። «ነሐሴ ነው፣ ዝንቡን በምን ላባርር? ጨው ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ! ጨው አምጪና እኔ እየላስሁ አንቺ ንቀዪ።»

«ጨው የእኛም ቤት አልቋል» አሉ መምሬ ከዳዊታቸው ቀና ብለው። «ሱቁ ማዶ ቀረ። በዚህ መንደር አሁን ጨው ያላት ፈንታነሽ ናት፤ ክረምቱ ሳይገባ በከረጢት አስገብታለች።»

እንጉዳይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለራሷ ያላት ጨው ወጡን እንኳ አያጣፍጥም።

«እሷ ዘንድ ከምሄድ ራሴ ጭራ ባበቅል ይሻላል።»

«ምነው? ጎረቤትሽ አይደለች?»

«ያ ሳልዎ ለቀቀዎት፣ መምሬ?» አለች እንጉዳይ።

መምሬ ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ለብዙ ጊዜ አንድ መስመር ላይ ቆዩ።

በቅሎዋ ጭራዋን አትሰጥም፤ ጭራው ካልተገኘ መንጠቆው አይንጠለጠልም፤ መንጠቆው ካልተንጠለጠለ ትሉ አይሰካም፤ ትሉ ካልተሰካ ዓሣው አይበላም፤ ዓሣው ካልበላ ድስቱ ባዶ ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ ፈንታነሽ እውነቷን ነው።

ስለዚህ ሄደች። በመንገዷ ላይ መልሱን ታሰናዳ ጀመር። «ያንቺን ወጥ የበላ…» ብላ ጀመረችና ረዘመባት፤ ተወችው። «እኔ ቤት የሚመጣ ሰው…» ብላ ጀመረችና ልቅሶ ልቅሶ አላት፤ ተወችው። አጥንቱ ከጉሮሮዋ ወደ ላይም አይወጣ፣ ወደ ታችም አይወርድ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበርና ብብቷ ሥር ያለው ቅል ሞቅ አለ።

ፈንታነሽ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ዘንጉን አየች፣ በቅጠል የተጠቀለለውን አየች፣ ጭቃውን አየች።

«እንጉዳይ ነሽ? ከየት የመጣ ጉድ ነው?»

«ከወንዝ። ጨው ፈልጌ ነው።»

«ጨው ከቤቴ አይወጣም።»

«ለምን?»

«አይወጣማ።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ዓሣው ሊጥ አልበላም ሲል ምክንያቱን ተናግሯል። ትሉም ተናግሯል፣ መንጠቆውም ተናግሯል፣ በቅሎዋ እንኳ በእግሯም በአፏም ተናግራለች። ምክንያት የሌላት ፈንታነሽ ብቻ ናት። እንጉዳይ ዘንጉን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት፦

«ስሚኝማ። ጨው ካንቺ ቤት አይወጣም፤ ጨው ካልወጣ በቅሎዋ ጭራዋን አትሰጥም፤ ጭራው ካልተገኘ መንጠቆው አይንጠለጠልም፤ መንጠቆው ካልተንጠለጠለ ትሉ አይሰካም፤ ትሉ ካልተሰካ ዓሣው አይበላም፤ ዓሣው ካልበላ ድስቱ ባዶ ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ…»

«ድስቱ ባዶ ከሆነ እኔ እውነቴን ነው» አለች ፈንታነሽ።

ይህን ጊዜ የፈንታነሽ ምራት ከጓዳ ወጣች። ከከተማ የመጣች ሙሽራ ናት፤ የሠርጓ ሂና ገና ከጥፍሯ አልለቀቀም። እጇ ላይ ቂጣ ይዛለች፤ ዳሩ ያረረ፣ መሐሉ ያልበሰለ። እንጉዳይን ስታይ ደንግጣ ከኋላዋ ልትደብቀው ሞከረች።

እንጉዳይ ቂጣውን አየች። ቀጥላ ከሙሽራዋ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር የተጋደመውን ቡሃቃ አየች። ቡሃቃው ያበራል። ውስጡ እንደ ሰሃን ተፈግፍጎ፣ በአመድ ታሽቶ፣ ነጭ ሆኗል። ምንም አልቀረበትም፤ ጭላጭ እርሾ እንኳ።

እንጉዳይ ብዙ ነገር አይታለች፤ የታጠበ ቡሃቃ ግን አይታ አታውቅም።

«ምን ታያለሽ?» አለች ፈንታነሽ።

«ቡሃቃሽን። ታጥቧል።»

ፈንታነሽ ወደ ሙሽራዋ ዘወር አለች። ሙሽራዋ ወደ መሬት አየች።

«ልጅ ናት» አለች ፈንታነሽ ቀስ ብላ። «የእርሾው ሽታ ቆሻሻ መስሏት ነው። ልታስደስተኝ ብላ ነው ያጠበችው። ልቆጣት ብዬ ፊቷን ሳይ ተውሁት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ፈንታነሽ ቤት እንጀራ የለም፤ ቂጣ ነው። ጠዋት ቂጣ፣ ማታ ቂጣ። እርሾ ከጎረቤት አይለመንም ወይ? ይለመናል፤ ማንም ቤት ይሰጣል፤ እርሾ የሚነፈግበት አገር የለም። ግን ፈንታነሽ የማንን በር ታንኳኳ? የብርቄን እንጀራ ጎማ ብላዋለች። የጥሩወርቅን ድፎ ዳቦ የበር መደገፊያ ብላዋለች። እንጉዳይን ያለቻትን ታውቁታላችሁ። መንደሩን ሁሉ በአፏ ስትዘጋ ኖራ አሁን እሷ ናት በውስጡ የተዘጋችው።

እንጉዳይ ያን ጊዜ መልሱን አገኘችው። ጉሮሮዋ ላይ ያለው አጥንት ተነቃነቀ፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አጭር ነው፣ የተሳለ ነው፣ ፈንታነሽን እዚያው በሯ ላይ የሚቀብር ነው። ግን ሙሽራዋ ቆማለች፣ ከነቂጣዋ። ይህ መልስ ቢወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

እንጉዳይ መልሱን መልሳ ዋጠችው። ከብብቷ ሥር ቅሉን አወጣችና የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ሊጡ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያገኝ ውሎ ኩፍ ብሏል፤ ክዳኑን ከፍ አድርጎ በጠርዙ ብቅ ብሎ ያያል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ፈንታነሽ።

«ዓሣው ያልበላው ሊጥ ነው።»

ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ ክዳኑን አነሳች። ኮምጠጥ ያለው ሽታ ፊቷን መታት። እንደዚያ ጎንብሳ ትንሽ ቆየች፤ ቀና ስትል ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች፣ ጭስ እንደገባበት ሰው። አላመሰገነችም። ቅሉን ለሙሽራዋ ሰጠችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ በሁለት እጇ ጨው ይዛለች።

«ይበቃሻል?»

«በቅሎዋን ልጠይቃት» አለች እንጉዳይ።

እንግዲህ ሊጡ ፈንታነሽ ቤት ገባ። ሊጡ ሲገባ ጨው ወጣ፤ ጨው ሲወጣ በቅሎዋ ላሰች፤ በቅሎዋ ስትልስ ጭራዋን ረሳች፤ ጭራው ሲገኝ ተገመደ፤ ተገምዶ ሲያልቅ መንጠቆው ተንጠለጠለ፤ መንጠቆው ሲንጠለጠል ትሉ ተሰካ፤ ትሉ ሲሰካ እንጉዳይ ከድንጋዩ ሥር፣ ውኃው ጸጥ ወደሚልበት ጥግ ወረወረች፤ ዓሣውም በላ።

በላ ብቻ አይደለም፤ ይዞ ሄደ። ዘንጉ ጎበጠ፣ የጭራው ክር ተሳበ፣ ለቀቅ አለ፣ ደግሞ ተሳበ፣ አልተበጠሰም። የጎባው መንጠቆ ያዘ፣ አልለቅም አለ። እንጉዳይ ተረከዟን ጭቃ ውስጥ ተክላ፣ ሲስብ እየሰጠች፣ ሲደክመው እየሳበች፣ ወደ ዳር አመጣችው። ሆዱ ቀጭን፣ ከክንዷ የሚረዝም፣ ወንድ ነጭ ዓሣ ነው። ሴት ብትሆን ኖሮ ልትመልሳት ነበር፤ እንቁላሏን ተሸክማ ያን ያህል መንገድ የመጣችን ማን ያስቀራል?

«አሁንስ ምን ትላለህ?» አለችው።

ዓሣው ምንም አላለም። የሚለውን ጨርሷል።

በማግሥቱ የነሐሴ ሥላሴ ደረሰ። ቅዳሴ ወጣ፤ ማኅበርተኛው እንጉዳይ ቤት ገባ። ቁሌቱ ገና ከደጅ ይጣራል። ለጎባው አስቀድሞ በሳህን ተልኮለታል፤ ለአያ ደባሱም፤ ለበቅሎዋ ደግሞ የተረፈው ጨው።

ፈንታነሽም መጣች፣ ከሁሉ ኋላ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ አጣፍታ። እንጉዳይ የሰጠቻት ሊጥ ከዱቄት ጋር ተቦክቶ ነበር፤ ነገር ግን የክረምት ቡኮ ቶሎ አይደርስምና ፈንታነሽ ቤት ያን ዕለትም የነበረው ቂጣ ነው። ተቀመጠች። ጥግ ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ በላች። ሌላው ገና እያወራ ሳለ ፊት ለፊቷ ያለው እንጀራ አልቆ የመሶቡ ቀለም ታየ። ጨምሩልኝ አላለችም። እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች።

እንጉዳይ አየቻት። ድስቱን አነሳች፣ ጭልፋውን ያዘች፣ ወደ እሷ ሄደች። ወሬው ቆመ። ማኅበርተኛው ሁሉ የሐምሌን ነገር አልረሳም፤ የእንጉዳይንም ምላስ ያውቃል። መምሬ ጥበቡ ሳል ሊጀምሩ ብለው ተዉት።

እንጉዳይ ጎንበስ አለች። እንጀራ ዘረጋችላት። ከድስቱ መሐል ትልቁን፣ ሥጋው የሚበዛውን ቁራጭ መርጣ አወጣችላት፤ ቁሌት ደገመችበት። ከዚያ አጥንቱ ከጉሮሮዋ ወጣ።

«እንኳን ቤትሽ በልተሽ አልመጣሽ» አለቻት።